ዲፓርትመንት ቀይራችሁ ኮሌጅ ለምትቀይሩ፦ እኚህን እናት ሳታማክሩ ክሊራንስ አትጨርሱ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ይሄን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ኮሌጅ ለመቀየር ላይ ታች የምትሉ ካላችሁም ይጠቅማችኋል።

ከአካውንቲንግ ወደ ማኔጅመንት የቀየርኩት በቅርቡ ነው። ቅያሬው ከመጽደቁ የነበርኩበት ኮሌጅ ተማሪ አልሞላም ብሎ የማኔጅመንቱን የማታ ክፍል አጠፈው። ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። የጠየቅኳቸው ኮሌጆች ደግሞ ስቱደንት ኮፒዬን (የውጤት ወረቀቴን) ገለጥ ገለጥ ያደርጉና "ከመጀመሪያ ብትጀምሪ ይሻልሻል" ይሉኛል። የምማረው በእህቴ ደሞዝ ነው፤ ከመጀመሪያ ጀምሪ ማለት ለእኔ ትምህርቱን ተይው ማለት ነው።

መላ ያበጁልኝ ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር የሚሰሩ፣ ተማሪው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው። "የኔ ልጅ፣ የኮርሱ ስም ብቻውን ምን ይነግረኛል? የየኮርሱን አውትላይን አምጪልኝ" አሉኝ። አውትላይኖቹን፣ ማለትም የየኮርሱን የይዘት ዝርዝር ሳመጣላቸው ከራሳቸው ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ዘረጉና ማስመሪያ እያስጠጉ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ፣ ምዕራፉንም ክሬዲት አወሩንም ከእነሱ ካሪኩለም ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩት። ሰው ቆሞ እየጠበቃቸው እንኳን አልተጣደፉም።

የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ኮርሶቹ አላስቸገሩም። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ እነዚህ የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ በየተቋሙ የሚሰጡ ናቸው። ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታትስቲክስ፣ የአካውንቲንግ መግቢያውም ተያዘልኝ፣ ዳግመኛ አልማራቸውም። ኦዲቲንግና ታክስ ግን አላለፉም። ከፍቶኝ ነበር፣ ያን ያህል ለፍቼባቸው። እትዬም ፊቴን አይተው ወንበር ሰጡኝና እያንዳንዱ ለምን እንዳልተያዘ አስረዱኝ። አንድ በስሙ የሚመሳሰል ኮርስም ነበር፣ ይዘቱ ስለማይገናኝ እምቢ አሉ። "ያልተማርሽውን ተምራለች ብዬ ብይዝልሽ ኤግዚት ኤግዛም ላይ ጉድ ትሆኛለሽ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም የዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ በተማረበት ዲፓርትመንት ይህን የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ማለፍ አለበት።

ሌላው ውለታቸው ከድሮው ኮሌጅ ክሊራንስ (መልቀቂያ) ሳልጨርስ አውትላይኖቹን ማኅተም አስደርጌ እንድወስድ መምከራቸው ነው። ከወጡ በኋላ የዲፓርትመንት ኃላፊ ማግኘት መከራ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱም በእጅ አይሰጥም፣ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚላከው፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለዚህ ሁሉ ድካማቸው ከመደበኛው ክፍያ ሌላ አምስት ሳንቲም አልጠየቁኝም። እትዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴም እግዜር ይስጥልኝ ብላለች። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ ነው ያልጻፍኩት። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቢሮውን እጠቁማችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋው አይቻልም።