የማሪያ ሪዞ «ስታቲስቲካል ኮምፒዩቲንግ ዊዝ አር»፦ ደሴ ላይ ለወራት ካስተማርኩበት በኋላ

ለማስተርስ ተማሪ የሚሆን የስታቲስቲካል ኮምፒዩቲንግ መጽሐፍ መምረጥ ያስቸግራል። አንዱ ቲዎሪ ብቻ ይሆናል፤ ሌላው ኮድ ብቻ። እኔ የሪዞን የመጀመሪያ እትም ያዝኩ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ከወራት በኋላም ምርጫዬ እሱው ነው።

ዋናው ምክንያቴ በአር፣ ማለትም ለስታቲስቲክስ በተሠራው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የተጻፈው ኮዱ ነው። ስልቱ እንደተብራራ ኮዱ ይከተላል፤ አጭርና ግልጽ ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተር ሲዘጋ እንኳ ተማሪዎቼ ከወረቀት ላይ መስመር በመስመር አንብበው ምን እንደሚሠራ ይነግሩኛል።

እንዳለ መዋጥ ግን የለበትም። ራንደም ቁጥር በመቀበልና በመጣል የማውጣት ስልትን የሚያሳየው ቤታ(2,2) በሚባል ከ0 እስከ 1 ባለ የዕድል ሥርጭት ነው፤ ለአንድ ቁጥር በአማካይ ስንት ሙከራ እንደሚያስፈልግ የሚወስነውን ቋሚ ቁጥርም 6 ያደርገዋል። ስለዚህ 1000 ቁጥር ለማግኘት በአማካይ 6000 ሙከራ ይፈልጋል። ስህተት የለውም፤ ግን ያባክናል። የዚህ ሥርጭት ዴንሲቲ (ዕድሉ የት እንደሚበዛ የሚያሳየው ኩርባ) ጫፍ 0.5 ላይ ነው፣ ከፍታውም 1.5 ነው። ቋሚው ቁጥር ከዚህ ከፍታ አለማነሱ ስለሚበቃ፣ በ6 ፈንታ 1.5 ከተጠቀሙ 1500 ሙከራ ይበቃል። ይህን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ «ኮዳችሁን አፍጥኑ» ብዬ መጨቅጨቅ ቀረልኝ።

ቡትስትራፕ (ከያዙት ዳታ ደጋግሞ በዕጣ እያወጡ ግምት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ መለካት) ላይ ደግሞ የታወቀው የ15 የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች ዳታ አለ። ለመነሻ ጥሩ ነው። የወሎ ልጅ ግን የሚያሳስበው የበልግ ዝናብ ነው። አንዱ ተማሪ የኮምቦልቻን የየዕለት ዝናብ ይዞ መጣና ቀኖቹን አንድ በአንድ በዕጣ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ከዘነበ ነገም የመዝነቡ ዕድል ይጨምራል፤ እንዲህ ሲወጣ ግን ይህ ትስስር ይበጠሳል። የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረርም (የግምቱ መዋዠቅ መለኪያ) ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ተከታታይ ቀናትን በብሎክ በብሎክ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህን ከራሴ ኖት ጨመርኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክፍሉ ውስጥ የአር ቨርዥን አንድ ይሁን። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.6.0 በዕጣ የሚያወጣውን የ«ሳምፕል» ፈንክሽንን አሠራር ስለቀየረ፣ ሲዱ (የራንደም ቁጥሮቹ መነሻ ቁጥር) አንድ ሆኖም መልሱ ሊለያይ ይችላል። ተማሪ ያለጥፋቱ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል።

ኢኤም አልጎሪዝም (የጎደለ ዳታ ሲኖር ግምትን ደጋግሞ የሚያሻሽል ስልት) ላይ መጽሐፉ ቶሎ ያልፋል። እዚያ ስንደርስ የጊቨንስንና የሆቲንግን «ኮምፒዩቴሽናል ስታቲስቲክስ» አወጣለሁ፤ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ዋና መማሪያ ግን አላደርገውም፤ ሒሳብ ላይ ላልጠነከረ ተማሪ ገና ከጅምሩ ይከብዳል። አዲስ ለምትገዙ የሪዞን የ2019 ሁለተኛ እትም ፈልጉ፤ እዚያ ኦፕቲማይዜሽን (የፈንክሽንን ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ዋጋ መፈለግ) የራሱ ምዕራፍ አለው።