የንግድ ሕግ ማስተርስ፦ ተመራማሪ መምህር ይሻላል ወይስ ከሥራው የመጣ?

እዚህ ሐዋሳ በዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማስተርስ መማር የሚያስቡ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ከሕንፃውም ከስሙም በፊት መምህራኑን እዩ እላለሁ።

ተመራማሪ መምህር፦ ነገሩን ከሥሩ ያስይዛችኋል። የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካል ከ2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለምን ሥራ እንዳቆመ፣ አሜሪካ የዳኞቹን ሹመት ለምን እንዳገደች፣ ውሳኔ በውሳኔ እየፈታ ያሳያችኋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ እሱን የሚያክል የለም። ጉዳቱ? የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በእጁ ነክቶ ላያውቅ ይችላል።

ከሥራው የመጣ፦ ጠበቃ፣ ተደራዳሪ ወይም የጉምሩክ ባለሙያ የነበረ። ኢትዮጵያ በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገራት ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ስትወጣ የኢንዱስትሪ ፓርካችን ሠራተኞች ምን ያህል እንደተጨነቁ እናውቃለን። እንዲህ ያለ መምህር የሥሪት አገር ደንብን (ዕቃው የየት አገር ምርት እንደሚባል የሚወስነውን) በአንድ ሸሚዝ ያስረዳችኋል፤ ክሩ ከየት መጣ፣ ጨርቁ የት ተሸመነ፣ የት ተሰፋ። ግን ሥራ ስለሚበዛበት ረቂቃችሁ ጠረጴዛው ላይ ሊከርም ይችላል።

ማስተማር ወይም ፒኤችዲ ካሰባችሁ የመጀመሪያው። ጥብቅና ወይም ላኪ ድርጅት ከሆነ ሁለተኛው። እየሠራችሁ በማታ የምትማሩ ከሆነ ግን አማካሪው ረቂቅ በስንት ጊዜ እንደሚመልስ የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ።