ማቹ ፒቹ ከልጆች ጋር፦ አራት የእግርና የብስክሌት ጉዞዎች ሲነጻጸሩ

ፔሩ ውስጥ ከኩስኮ ከተማ የሚነሱ የቤተሰብ ጉዞዎች በማስታወቂያ ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁሉም አስጎብኚ አላቸው፣ ሁሉም የኢንካ ፍርስራሽ ያሳያሉ፣ ሁሉም ተራራ ላይ ባለችው ጥንታዊ የኢንካ ከተማ፣ ማቹ ፒቹ ላይ ያበቃሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው ሻጩን አንድ ነገር ስትጠይቁት ነው፦ ትንሹ ልጃችን ሁለተኛውን ሌሊት የሚያድረው ስንት ሜትር ላይ ነው?

የከፍታ ሕመም የሚበረታው ሌሊት ነው። ቀን ከፍ ያለ በር (የተራራ ማለፊያ) ተሻግሮ ዝቅ ብሎ ያደረ ልጅ ብዙ ጊዜ ደህና ይነሳል፤ ከፍ ብሎ የተኛው ግን ራስ ምታት፣ ትውከትና ምግብ መጥላት ይዞት ሊነጋ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ራሴን አመመኝ ማለት ስለማይችሉ ምልክቱ ነጭናጫነት፣ አለመጫወትና ምሳን መግፋት ነው። ይህን እንደ ድካም ቆጥሮ መንገድ መቀጠል የወላጆች የተለመደ ስህተት ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ 500 ሜትር መውረድ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ስለዚህ ከአልጋው ከፍታ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ልጁ ከታመመ በምን ያህል ሰዓት መኪና ጋ ይደርሳል የሚለው ነው።

ሌላው ስህተት የሚሠራው ገና መጀመሪያ ላይ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኩስኮ፣ 3,400 ሜትር ላይ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እዚያው ያሳድራሉ። ለቤተሰብ የሚሻለው በዚያው ቀን በመኪና ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ መውረድ ነው፤ ኡሩባምባ ከተማ 2,870፣ ኦያንታይታምቦ ደግሞ 2,790 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚመጣ ቤተሰብ ከእግር ጉዞው በፊት ሦስት ሌሊት እዚያ ማደር ይገባል። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚያድር ሸለቆው ብዙም አይከብደውም። ከ4,000 ሜትር በላይ ግን እሱም እንግዳ ነው። ወላጅ አዲስ አበባ አድጎ ልጆቹ ውጭ የተወለዱ ከሆነ ልጆቹን በወላጃቸው ደረት መለካት አይገባም።

አራቱ ምርጫዎች

*ባለ አራት ቀኑ የኢንካ መንገድ።* 42 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በድንኳን፣ ሙሉ በሙሉ በእግር። ከፍተኛው በር 4,215 ሜትር፤ ሁለተኛው ሌሊት 3,600 ሜትር አካባቢ።

*ላሬስ።* ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን። ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነ በር አለው፤ ማደሪያው ከ3,700 በላይ ነው። ጭነቱን ፈረስ ይሸከማል።

*የጫካው መንገድ።* አራት ቀን። ከአብራ ማላጋ (4,300 ሜትር ገደማ) በብስክሌት ቁልቁል እስከ ሳንታ ማሪያ (1,200 ሜትር ገደማ)፣ ከዚያ በእግር።

*ሸለቆውን ማደሪያ ያደረገው ጉዞ።* በየቀኑ እየወጡ መመለስ፦ በሞራይና በማራስ በኩል ብስክሌት፣ የኦያንታይታምቦና የፒሳክ ፍርስራሾች፣ በመጨረሻም ከባቡር ሐዲዱ ኪሎ ሜትር 104 የሚነሳው የአንድ ቀን የኢንካ መንገድ። ማደሪያው ከ2,900 ሜትር አይበልጥም።

ባለ አራት ቀኑ ለማን ይሆናል?

በፍርስራሽ ብዛት የሚወዳደረው የለም። ፓታያክታ፣ ሩንኩራካይ፣ ሳያክማርካ፣ ፉዩፓታማርካ፣ ዊኛይ ዋይና፤ በመኪና የማይደረስባቸውን እነዚህን ሁሉ ራሱ ኢንካዎች ባነጠፉት ድንጋይ ላይ እየረገጡ ማየት ነው። ዋጋው ግን ሁለተኛው ቀን ነው፦ ከ3,000 ሜትር ገደማ ተነስቶ 1,200 ሜትር ዳገት፣ ከዚያ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ ቁልቁል። ደረጃዎቹ ወጥ አይደሉም፤ አንዳንዱ ለአዋቂ ጉልበት ይደርሳል። አጭር እግር ያለው ልጅ ዳገቱን ይወጣና ቁልቁለቱ ላይ ይሰበራል። የጭነት እንስሳም ብስክሌትም አይፈቀድም፤ ልጁ ቢደክም የሚሸከመው ሰው ብቻ ነው። ከበሩ ወዲያ ወደ መኪና መንገድ በቶሎ የሚያወጣ አቋራጭ የለም።

የእኛ ፍርድ፦ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይገዛ። ለትልልቆቹም ቢሆን ቀደም ብለው በተከታታይ ሁለት ቀን 6 ሰዓት ተጉዘው የሚያውቁ መሆን አለባቸው። አዲስ አበባ ላሉ እንጦጦ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እግርንም ሳንባንም ይፈትናል።

ፈቃዱ ሌላ ነገር ነው። በቀን የሚገባው ሰው ሠራተኞችን ጨምሮ 500 ነው፤ ለተጓዥ የሚተርፈው 200 ገደማ ይሆናል። ልጆች ትምህርት የሚዘጉበት ሐምሌና ነሐሴ ደረቁና የሚፈለገው ወቅት ስለሆነ ቦታው ከወራት በፊት ያልቃል። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ወር መንገዱ በየዓመቱ ለጥገና ይዘጋል።

ላሬስ

ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ሰው ይቀንሳል፣ የኬችዋ እረኞችና ሸማኔዎች የሚኖሩባቸው መንደሮች መሃል ያልፋል፣ መነሻው ላይ ፍል ውኃ አለ። ትልቁ ጥቅሙ ፈረሱ ነው፦ የደከመ ልጅ ተቀምጦ በሩን ይሻገራል። ሻጩ ከጭነት ፈረሶቹ ሌላ የመቀመጫ ፈረስ መኖሩንና ለልጅ የሚሆን ሄልሜት መያዙን ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ፈረስ ለመላው ቡድን ነው። ፈረስ ግን ከድካም እንጂ ከከፍታ አያድንም፤ ማደሪያው ከኩስኮ ይበልጣል። ሐምሌ ውስጥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ የሚከራየው የመኝታ ከረጢት እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚያሞቅ በቁጥር ይነገራችሁ። ላሬስ የኢንካ ፍርስራሽም ብዙ የለውም። ማቹ ፒቹ የሚደረሰው ከኦያንታይታምቦ በባቡር ነው። ሰው፣ መንደርና በጎች ለሚወድ ቤተሰብ ይሆናል፤ ፍርስራሽ ፈልጎ ለሚሄድ አይሆንም።

የጫካው መንገድ

በአልጋ ከፍታ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ሙቅ ሸለቆ ውስጥ ነው የሚታደረው። ቢሆንም ለልጆች አንመክረውም። የብስክሌቱ ቁልቁለት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን ጭነት መኪናና አውቶቡስ የሚተላለፍበት አስፋልት ነው። አናቱ ላይ ጉም፣ ብርድና ዝናብ ይኖራል፤ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው። ከ16 ዓመት በላይ የሆኑና መንገድ ላይ መንዳት የለመዱ ልጆች ላለው ቤተሰብ ግን ደስ የሚል ጉዞ ነው። በመንገዱ ላይ ባለው ሳንታ ቴሬሳ አካባቢ የሚናከሱ ትንንሽ ዝንቦች ስላሉ ረጅም ሱሪና መከላከያ ቅባት ይያዝ።

ሸለቆው፦ ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ላሉበት ቤት

የ7፣ የ11 እና የ15 ዓመት ልጆች ከአያታቸው ጋር ቢጓዙ ሁሉንም የሚይዘው ይህ ብቻ ነው። አንዱ ከታመመ ከአንድ ወላጅ ጋር ሆቴል ይቀራል፣ ሌላው ይሄዳል። በሌሎቹ ጉዞዎች አንድ ልጅ ሲታመም የሁሉም ጉዞ ይቆማል።

ብስክሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከደጋው ሜዳ፣ ከ3,500 ሜትር ገደማ፣ ተነስቶ ሞራይን አይቶ በማራስ በኩል ወደ ጨው ኩሬዎቹ ይወርዳል። እንደ መነሻው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው የእርሻ አፈር መንገድ። ሞራይ እንደ ሳህን የተጎደጎደ ክብ እርከን ነው። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ድንጋዩ እንዴት አፈር እንደሚይዝ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ልጆችን እዚያ አቁሞ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አይቆጭም። ማራስ ደግሞ ከ3,000 በላይ ኩሬዎች ከአንድ ጨዋማ ምንጭ ይሞላሉ፤ ዛሬም ጨው የሚመረትባቸው ናቸው።

እዚህ የሚበላሸው ብስክሌቱ ነው። የልጆች ብስክሌት አለን ሲባሉ የጎማውን መጠን በኢንች ጠይቁ፤ 125–145 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ልጅ 24 ኢንች ይሆናል። ኮርቻው ቢወርድም የአዋቂ ብስክሌት የፍሬኑ መያዣ ለልጅ ጣት ይርቃል። ከመነሳት በፊት አስጎብኚው መያዣውን በብሎን ወደ መሪው ያቅርበው። የኋላው ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ ልጁ ቆሞ ይሞክር፤ ጠጠር ላይ የፊቱን ብቻ የያዘ ልጅ በመሪው ላይ ይገለበጣል። ለቡድኑ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ መንፊያና የካቴና መፍቻ መኖሩን፣ መኪናው ከኋላ መከተሉንም አረጋግጡ። ከጨው ኩሬዎቹ በታች ያለው መንገድ ጠባብና ገደላማ ስለሆነ ልጆች ወርደው ይግፉ ወይም እዚያ ላይ መኪና ይሳፈሩ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማ ላይ ተጣብቆ መሽከርከር ስለሚከለክል በዚያ ቀን ብስክሌቱ ይቅር።

በመጨረሻ የአንድ ቀኑ የኢንካ መንገድ። ባቡሩ ኪሎ ሜትር 104 ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚቆም ቦርሳ ቀድሞ ታዝሎ በር አጠገብ መቆም ይገባል። ከ2,200 ሜትር በታች ተነስቶ ወደ ዊኛይ ዋይና ይወጣል፣ ከዚያ በፀሐይ በር (2,720 ሜትር ገደማ) አድርጎ ማቹ ፒቹን ከላይ ያሳያል። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ጥላ ስለሌላቸው ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃና ባርኔጣ ያስፈልጋል። በእግር የለመደ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ይችለዋል። ይህም የራሱ ፈቃድና ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይፈልጋል። ትንሹ ካልቻለ ከአያቱ ጋር በዚያው ባቡር ከማቹ ፒቹ ግርጌ እስካለችው ከተማ፣ አጉዋስ ካሊየንተስ ይሄዳል፤ ማታ ይገናኛሉ።

ከመክፈል በፊት

ዋጋ ስታነጻጽሩ ባቡሩ፣ የማቹ ፒቹ መግቢያ፣ ከአጉዋስ ካሊየንተስ የሚወጣው አውቶቡስና የኩስኮ አካባቢ የጋራ ትኬት ውስጡ መኖራቸውን አንድ በአንድ ጠይቁ። የጋራ ትኬቱ ሞራይን፣ ፒሳክንና ኦያንታይታምቦን ይይዛል፤ የማራስ ጨው ኩሬን አይጨምርም፣ እዚያ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። አስጎብኚው ኦክስጅንና የደም ኦክስጅን መለኪያ ይይዝ። ባለ አራት ቀኑን ከመረጣችሁ ተሸካሚዎቹ ስንት ኪሎ እንደሚይዙ ጠይቁ፤ የሀገሩ ሕግ ከ20 ኪሎ በላይ ይከለክላል። ይህን በግልጽ የማይመልስ ድርጅት ርካሽ የሆነው በእነሱ ወገብ ነው።

ምግብ፦ የፍልሰታ ጾም ልክ በጉዞው ወቅት ይውላል። አብሳዮቹ ቬጋኖ (ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚለውን ቃል ያውቁታል፣ ግን ሾርባው ውስጥ የወተት ዱቄት፣ ሩዙ ላይ ቅቤ እንዳይገባ በጽሑፍ ቀድሞ ይነገር። ኪኑዋ፣ ድንች፣ ባቄላና በቆሎ በብዛት ስላለ የሚጾም ሰው አይራብም።

ለከፍታው የሚቀርበው የኮካ ሻይ ለልጅ አይሰጥ፤ ሙኛ የሚባለው እንደ ናና ያለ ቅጠል ይበቃል። አዋቂም ቢሆን በሥራው የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያለበት፣ ለምሳሌ አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው፣ አይጠጣው፤ የሽንት ምርመራ ላይ ኮኬይን ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ቅጠሉን ይዞ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ገልፍ አገሮች መግባትማ ወንጀል ነው።

ስም፦ ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርት ስምና ቁጥር ነው፣ ለሌላ አይተላለፍም፣ መግቢያው ላይ ዋናው ፓስፖርት ይታያል። የእኛ አገር ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ አባት፣ እናትና ልጅ የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው ቅጽ የሚሞላው ሠራተኛ ለሁሉም የአባትየውን ስም ሊያደርግ ይችላል። ስሙን በስልክ ከመንገር የእያንዳንዱን ፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ላኩ፣ ፈቃዱ ሲወጣም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ፓስፖርቱ ከጉዞው በፊት የሚታደስ ከሆነ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ወላጅ ብቻውን ልጆቹን ይዞ የሚጓዝ ከሆነም የሌላው ወላጅ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤና የልደት ምስክር ወረቀት አብሮ ይያዝ።