ሹካ፣ የእጅ ብሌንደር ወይስ ሁሉን በአንድ የያዘ ማሽን? የልጅ መክሰስ ቤት ውስጥ ለማዘጋጀት የቱን እንግዛ?

የመጀመሪያ ልጄ አምስት ወር ሲሞላት የምግብ ማዘጋጃ ፍለጋ ወጣሁ። በየሱቁ የጠየቅሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ይበልጥ አድቅቆ የሚፈጨው የትኛው ነው?» ሁለት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ስመለከተው ጥያቄው ከሥሩ የተሳሳተ ነበር። ፍጹም የላመ ምግብ ለሕፃን የሚያስፈልገው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ ልጁ ማላመጥን፣ በእጁ ይዞ መግመጥን የሚማርበት ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን የማወዳድረው በሞተራቸው ጉልበት ወይም በመልካቸው አይደለም። ልጅን ከላመው ወደ ሸካራው፣ ከሸካራው ደግሞ በእጅ ወደሚበላው ለማሻገር ምን ያህል ያግዛሉ በሚል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር ጀምሮ ከእናት ጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንዲጀመር ይመክራል። አብዛኞቹ ሕፃናት በስምንት ወር ገደማ በእጃቸው ይዘው መብላት ይችላሉ፤ ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላውን ይጋራሉ። በብሪታንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን የተከታተለና በ2009 የታተመ ጥናት፣ ሸካራ ምግብ ከዘጠኝ ወር በኋላ የጀመሩ ልጆች ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ቀድመው ከጀመሩት ይልቅ የሚበሉት የአትክልትና የፍራፍሬ ዓይነት ያነሰ እንደሆነ፣ የአመጋገብ ችግርም እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። እንግዲህ የምትገዙት ዕቃ የላመ ምግብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሳታስቡት ልጁን እዚያው ደረጃ ላይ ሊያቆየው ይችላል።

ሹካና የድንች መጨፍለቂያ

ከሁሉ በፊት እነዚህን እንይ፤ ምናልባት ሌላ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁ ይሆናል። የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በደንብ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እሾሁ ተለቅሞ የወጣለት ዓሣ፣ ሁሉም በሹካ ይደቅቃሉ። የሹካ ትልቁ ጥቅም ልኩን በእጃችሁ መያዛችሁ ነው። ዛሬ አጥብቃችሁ ትጨፈልቃላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ላላ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጓል ትተዉለታላችሁ። ሌላም አለ፤ የልጅ መክሰስ ሁለት ሦስት ማንኪያ ሊሆን ይችላል። ለዚያች ለምታህል ምግብ ማሽን አንሥቶ አምስት ክፍል ማጠብ ማንንም ያሰለቻል፤ የሰለቸ ወላጅ ደግሞ የታሸገ ብስኩት ይከፍታል።

የሹካ ድካም ሥጋና ገለፈት ላይ ነው። የሥጋ ጭረት በሹካ አይደቅም፤ የምስርና የአተር ገለፈትም እንዳለ ይቀራል። ለገለፈቱ ወንፊት ይበቃል። በእጅ የሚዞረው መፍጫም ይህንኑ ሥራ ያቀላል፤ ገለፈቱንና ዘሩን ወደ ላይ አስቀርቶ ለስላሳውን ወደ ታች ያሳልፋል፣ መብራትም አይፈልግም። ገለፈቱ ግን አሰር ነው፤ ሁልጊዜ እያጣራን እንድንጥለው አልመክርም።

የእጅ ብሌንደር

ሥጋው ነው ይህን ዕቃ አስፈላጊ የሚያደርገው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የብረት ማዕድን ክምችት በስድስት ወር ገደማ እየተመናመነ ይሄዳል። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መለኪያ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊግራም ብረት ያዛል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ከሚያዘው 7 ሚሊግራም የበለጠ ነው። ይህን ያህል በካሮትና በሙዝ አይሞላም። ሥጋ፣ ጉበት በልኩ፣ ምስርና ባቄላ ያስፈልጋሉ። ምስሩ ጥቂት ቲማቲም ወይም ብርቱካን ሲጨመርበት በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱ የተሻለ ይዋሃዳል። ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ሥጋ እንዲበላ ደግሞ ስለት የግድ ያሻል፤ መፍጫው ይህን ያቀላል።

የእጅ ብሌንደር በተቀቀለበት ድስት ውስጥ ገብቶ ይፈጫል። አንዴ ጫን አድርጋችሁ ብታነሡት ሸካራ ይሆናል፤ ደጋግማችሁ ብትጫኑት ይልማል። ስለዚህ ልጁ ሲያድግ አብሮት ያድጋል፤ ልጁ ካደገ በኋላም ለቤተሰቡ ሾርባ ይሠራል። የሚታጠበው አንድ ዘንግ ብቻ ነው። ሲገዙ ዘንጉ የማይዝግ ብረት የሆነውን መምረጥ ይሻላል፤ የፕላስቲኩ በካሮት ቀለም ይበከላል፣ ትኩስ ድስት ውስጥ ማስገባትም አይመችም። ፍጥነቱ በደረጃ የሚቀነስ ቢሆን መልካም ነው። ስለቱን ከማጽዳት በፊት ግን ሶኬቱን መንቀል ግዴታ ነው፤ በጣታችሁ የተጣበቀ ሥጋ ስታወጡ ሌላው እጃችሁ ማብሪያውን ቢጫን ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ውስጥ ትኩስ ምግብ መፍጨትም ይረጫል፣ ያቃጥላል።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ብሌንደር

ቤታችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ ለሕፃን ብላችሁ ግን አትግዙት። ይህን የምለው በውሃ ምክንያት ነው። ትልቅ ብሌንደር ስለቱ እንዲዞር ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ትንሽ ምግብ ስትጨምሩበት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ወላጅ ደግሞ ውሃ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ስሌት የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 30 ግራም ያህል ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ግራም ሲገባለት ይሞላል ማለት ነው። ግማሹ ውሃ ከሆነ ልጁ ጠግቦ ሳይመገብ ይነሣል። ፈሳሽ የግድ ከሆነ የጡት ወተት፣ የሕፃን ወተት ወይም አትክልቱ የበሰለበት ውሃ ይሁን።

ድንች ደግሞ በዚህ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ፈጣኑ ስለት የድንቹን ሴሎች ሰባብሮ ስታርቹን ስለሚያወጣው እንደ ሙጫ የሚሳብ ነገር ይሆናል። ትኩስ ምግብ አስገብቶ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋትም አደገኛ ነው፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። አሠራሩ መልካም የሚሆነው በአንድ ቀን ብዙ አዘጋጅቶ ለማቀዝቀዝ ለሚፈልግ፣ ወይም መንታ ለሚያሳድግ ሰው ነው።

ሁሉን በአንድ የያዘው ማሽን

በእንፋሎት ያበስላል፣ ራሱ ይፈጫል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲታይም ያምራል። እኔ የገዛሁት ይህንን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደስ ብሎኝ ተጠቀምሁበት፤ የተከተፈውን ጨምሬ ሌላ ሥራ እሠራ ነበር፣ እጅ ላጠረው ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አልክደውም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ልስላሴ ብቻ ስለነበር ልጄ እስከ አሥረኛ ወሯ ያንኑ ስትበላ ቆየች። ማሽኑ አለና፣ ምግቡም ዝግጁ ነውና፣ ለምን ልለውጠው? በመጨረሻ ጓል ያለው ምስር ስሰጣት በምላሷ ገፍታ አወጣችው፤ ደጋግሜ ስሞክር ያቅለሸልሻት ጀመር። በሹካ የተጨፈለቀ ምግብ እስክትለምድ ሁለት ወር ያህል ፈጀብን። ያን ጊዜ በየማዕዱ ያፈሰሰችውን እንባ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሌሎችም እንከኖች አሉት። የሚይዘው መጠን ትንሽ ነው፤ ልጁ ዓመት ሲሞላው ለአንድ ምሳ እንኳ አይበቃም። ውሃ የሚሞላበት ጋን ውስጥ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይሠራል፤ በየጊዜው በኮምጣጤ ማጽዳት ያስፈልጋል። ሳይደርቅ ከተከደነ ይሻግታል። ከሁለቱ ሥራዎቹ አንዱ ቢበላሽ ዕቃው በሙሉ ከአገልግሎት ይወጣል። መግዛታችሁ ካልቀረ የማፍያውን ጊዜ ሳይሆን የመፍጫውን ቁልፍ ተመልከቱ፤ ስትጫኑት ብቻ የሚሠራና ስትለቁት የሚቆም ይሁን። በራሱ ጊዜ ቆጥሮ የሚፈጨው ሁሉን አንድ ያደርገዋል።

የማሽኑን መልካም ጎን፣ ማለትም በእንፋሎት ማብሰሉን፣ ድስት ውስጥ የሚቀመጥ የእንፋሎት ማብሰያ ወንፊት ይተካዋል። አትክልት ውሃ ውስጥ ሲቀቀል ቫይታሚን ሲ ወደ ውሃው ይወጣል፤ በእንፋሎት ሲበስል የሚባክነው ያነሰ ነው። ወንፊቱ ሞተር የለው፣ የሚሻግት ጋን የለው፤ ለዓመታት ያገለግላል።

ማስቀመጫው

ሰዎች በመፍጫው ብዙ ተጨንቀው ማስቀመጫውን በዘፈቀደ ይገዛሉ፤ የቤት ውስጥ መክሰስ ዘላቂ የሚሆነው ግን በማስቀመጫው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ልጅ ከዘጠኝ ወር በኋላ በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ከመመገቡ ሌላ እንደ ፍላጎቱ አንድ ወይም ሁለት መክሰስ ይጨመርለታል። በየቀኑ ከዜሮ መጀመር አይቻልም።

እያንዳንዱ ጉድጓድ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ክዳን ያለው የሲሊኮን ማቀዝቀዣ ትሪ ምርጫዬ ነው። የረጋው ምግብ ከሥር ሲገፋ ይወጣል፤ ከዚያ ቀን ተጽፎበት ወደ ከረጢት ይገባል፣ ትሪውም ለሌላ ዙር ነፃ ይሆናል። ጠንካራው የፕላስቲክ የበረዶ መሥሪያ ያንኑ ይሠራል፤ ምግቡን ለማውጣት ግን መታገል አለ። የጠርሙስ ማስቀመጫ ሽታ አይዝም፣ ቀለም አይነካውም፣ ምግብ ለማሞቅ ከፕላስቲክ ይመረጣል። ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ግን እስከ አፉ ከሞላችሁት ይሰነጠቃል፤ ከፍሪዘር አውጥቶ ትኩስ ውሃ ውስጥ መንከርም ያፈነዳዋል። ፕላስቲክ ከገዛችሁ ለማስቀመጥ ብቻ ተጠቀሙበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ምግብን በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በማይክሮዌቭ ከማሞቅ መቆጠብን መክሯል።

ልጁ የሚመጠው አፍ ያለው፣ ተመልሶ የሚሞላ ከረጢት ይሸጣል። እኔ አልገዛውም። ማዕዘኖቹን ማጠብ አስቸጋሪ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጁ ማላመጥ በሚማርበት ዕድሜ መልሶ ወደ መምጠጥ ይወስደዋል። ለጉዞ የግድ ካስፈለገ ወደ ማንኪያ እየጨመቁ መስጠት ይቻላል።

የተዘጋጀው ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ሥጋና እንቁላል ያለበት ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ባይውል ይሻላል። ከሳህን ላይ በማንኪያ እየተመገበ የተረፈው ግን መደፋት አለበት፤ የልጁ ምራቅ ከገባበት ባክቴሪያ ይራባበታል። ለዚህ ነው ትንንሽ ጉድጓድ ያለው ትሪ የሚያዋጣው፤ የሚበላውን ብቻ ታወጣላችሁ።

ድክ ድክ ለሚለው ልጅ

ከስምንት ወር ወዲያ መፍጫው ወደ ጎን ይላል፤ የሚያስፈልገው መፈቅፈቂያና ትንንሽ ጉድጓድ ያለው የኬክ መጋገሪያ ነው። አጃ ከተጨፈለቀ ሙዝና ከእንቁላል ጋር ተለውሶ በጣት ቁመት ሲጋገር ያለ ስኳር ይጣፍጣል። የተፈቀፈቀ ካሮትና ዱባ በእንቁላል ተመትቶ መጋገሪያው ውስጥ ሲገባ ትንሽ እጅ የምትይዘው መክሰስ ይወጣል። ጨውና ስኳር አይጨመርም፤ ማር ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ዓመት ላልሞላው ልጅ በምንም መልክ፣ ተጋግሮም ቢሆን አይሰጥም።

ጥሬ ካሮትና ጥሬ ፖም በቁራጭ ያንቃሉ፤ መፈቅፈቂያውን የማስገዛችሁም ለዚህ ነው። ወይን በቁመቱ ለአራት ይቆረጣል። ሙሉ ለውዝ አምስት ዓመት እስኪሞላ ይቆይ፤ ላመ ተደርጎ በስሱ የተቀባ ግን ቀደም ብሎ ይቻላል። የበሰለ አትክልት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ሲጫኑት መፍረስ አለበት። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይብላ፤ ሲያቅለሸልሸው ድምፅ ያሰማል፣ ሲታነቅ ግን ዝም ሊል ይችላል።

ታዲያ የቱን?

አቅሙ ውስን የሆነ ቤት ሹካ፣ ወንፊትና የእንፋሎት ማብሰያ ይበቃዋል፤ ሥጋውን እስኪፈራርስ ቀቅሎ በስለት አድቅቆ መክተፍ ይቻላል። ሥራ ውሎ ለሚመጣ ወላጅ የእጅ ብሌንደርና ሁለት የሲሊኮን ትሪ እመክራለሁ። ለአብዛኛው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይታየኝም። መንታ ያላቸው ትልቁን ብሌንደር ቢጨምሩበት ያዋጣቸዋል። ሁሉን በአንድ የያዘውን ማሽን የምመክረው በአንድ እጁ ሕፃን ይዞ በሌላው ለሚያበስልና የሚረዳው ሰው ለሌለው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰባተኛው ወር ሲገባ ሹካውን ያንሣ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን ፈታታችሁ እዩት። የስለቱን ሥር የምታሽገው ጎማ ትወጣለች? ካልወጣች ከሥሯ የሚቀረው የሥጋ ፍርፋሪ በየትኛውም ሳሙና አይደረስበትም፤ እንዲህ ያለውን መልሳችሁ አስቀምጡት።