ለእናቴ የገዛሁት የክንድ ደም ግፊት መለኪያ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

አባቴ ዋሸራ ቅኔ የተማረ፣ ኋላም በጎዛምን ገጠር እያረሰ በየደብሩ በዓል ቅኔ ሲዘርፍ የኖረ ሰው ነበር። አንድ ማለዳ ከመኝታው ሲነሣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ የሚናገረውም ቃል አልለይ አለን። ጎረቤቱ ሁሉ «መጋኛ መታው» ስላለ ፌጦ ተደቁሶ አናቱ ላይ ተደረገለት፤ ሐኪም ዘንድ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። በተለካ ጊዜ የደም ግፊቱ የላይኛው ቁጥር ከ200 አልፎ ተገኘ፤ ከዚያ ቀን በፊት ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ተለክቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በሕይወት ቢቆይም፣ ነገሩን ሁሉ እየሰማና እየተረዳ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ተስኖት ዐረፈ። የምጽፈው ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ዕቃውን የገዛሁት ግን በዚህ ምክንያት ስለሆነ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

የደም ግፊት መለኪያ የልብ ሕመምተኛ ዕቃ እንጂ የአንጎል መጠበቂያ አይመስልም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚወስድ በመሆኑ፣ ደም ለጥቂት ደቂቃዎች ከተቋረጠበት ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ። ከፍ ያለ ግፊት ለዓመታት ሲቆይ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያደነድናል፤ ከዚያ ወይ ይደፈናሉ፣ ወይ ይፈነዳሉ። ስትሮክ የምንለው ይህ ነው። ምንም ምልክት ሳያሳይ በጥቂት በጥቂቱ የሚደርሰው ጉዳትም ሲጠራቀም የማስታወስና የማሰብ ኃይልን ያዳክማል፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ለመርሳት ሕመም የሚያጋልጡና ሊስተካከሉ የሚችሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች አንዱ የደም ግፊት ነው። ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እናቴ «ሳያመኝ ምን ብዬ መድኃኒት ልዋጥ?» ትለኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አልፈርድባትም።

መጀመሪያ የገዛሁት መሣሪያ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ትንሽና ለዓይን የሚያምር ነበር፤ ገንዘቤን ያባከንሁትም በእርሱ ነው። በአንድ ማለዳ እናቴን 124 በ78 ብሎኝ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አውርዳ ስትለካ 151 በ92 አለ። ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ በአንጓ ላይ የሚለካ ዕቃ አንጓው በትክክል በልብ ትይዩ ካልሆነ ቁጥሩን ያዛባል፤ እጅ ወደ ታች በወረደ መጠን ከፍ አድርጎ፣ ከልብ በላይ ሲነሣም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ለአንዲት የገጠር እናት ያን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዕቃ መሸጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው አሁን የምመሰክርለት ነው፤ በደብረ ማርቆስ ከአንድ መድኃኒት ቤት የገዛሁት፣ በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠምና ቁልፉ ሲጫን ራሱ ነፍቶ ራሱ የሚለካ። ዋጋው ከወር ደመወዜ የሚሰማ ቁራሽ ወስዷል። ስለዚህ ዕቃ አጥብቄ የምናገረው በክንድ ላይ ስለሚጠመጠመው ጨርቅ ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የተለመደው ጨርቅ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ሲሆን፣ የእናቴን ክንድ በልብስ ሰፊ ሜትር ብለካው 34 ሆነ። የጠበበ ጨርቅ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በከንቱ ከመደንገጥ አልፎ የመድኃኒት መጠን እስከማስጨመር ሊያደርስ ይችላል። ሻጩ ይህን ስነግረው ሳይከራከር እስከ 42 የሚደርሰውን ሰፊ ጨርቅ አምጥቶ ስለለወጠልኝ አመሰግነዋለሁ። የሚገዛ ሰው ሁሉ ክንዱን ለክቶ ይሂድ፤ ከመሣሪያው ስም ይልቅ ይህ ይበልጣል።

አለካኩም ራሱ ትምህርት ይፈልጋል። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ዐርፎ፣ የሽንት ፊኛ ባዶ ሆኖ፣ አምስት ደቂቃ በዝምታ ከተቀመጡ በኋላ ነው የሚለካው፤ አንድ ደቂቃ ቆይቶም ይደገማል። ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት የለበትም፤ በእኛ ቤት ከባዱ ይህ ነበር። እናቴ አቦሉን ሳትቀምስ ማለዳ የማታውቅ በመሆኗ፣ መለኪያውን ከቡናው በፊት አደረግነው፤ አሁን ከሰል ሲቀጣጠል እርሷ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራል፤ ጨርቁ እየተነፋ ሳለ ስለ ላሟና ስለ ጤፉ አጨዳ ትጠይቀኛለች፤ ማውራት ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርግ እያወቅሁ «ዝም በይ» ለማለት አልደፍርም፤ እንደገና እለካታለሁ።

ለሰባት ቀን ጧትና ማታ ለክተን፣ የመጀመሪያውን ቀን ትተን የቀረውን አማካይ ስናወጣ 158 በ94 ሆነ። በጤና ተቋም ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ግፊት የሚባል ሲሆን፣ በቤት ለሚለካው ደግሞ ወሰኑ 135 በ85 ነው። ደብተሩን ይዘን ሆስፒታል ሄድን፤ ሐኪሙም ራሱ ለክቷት ከደብተሩ ጋር ካመሳከረ በኋላ አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ጀመረላት። ከሳምንታት በኋላ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ መድኃኒቱን በራሷ አቋርጣ ነበር፤ በአራት ቀን ውስጥ ቁጥሩ ተመልሶ ሲወጣ በዓይኗ ያየችው በዚህ መሣሪያ ነው። እኔ ስለ አባቴ እያነሣሁ ብዙ ብለምናትም ያላሳመንኋትን እነዚያ ቁጥሮች አሳመኗት። ተመልሳ ሄዳ መጠኑና ዓይነቱ ተስተካከለላት፤ ጨውም ቀነሰች። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ጨው ነው። ጎጃም እንቅርት የሚታወቅበት አገር ስለሆነና አዮዲን ማጣት በማሕፀን ያለ ልጅ አንጎልን ስለሚጎዳ ግን፣ የምንቀንሰውም ጨው አዮዲን ያለበት ሊሆን ይገባል፤ በቤታችን ነፍሰ ጡር ስላለች ይህን አጥብቄ እጠብቃለሁ። ያለፈው ወር የእናቴ አማካይ 129 በ80 ነው።

ነቀፌታም አለኝ። መሣሪያው የልብ ምት ሲዛባ የሚያበራት ትንሽ ምልክት አለችው፤ አንዱ ዓይነት የምት መዛባት የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ስለሚጨምር ጠቃሚ ናት፤ ነገር ግን ክንድ ሲንቀሳቀስም ስለምትበራ ኢሲጂ በተባለው የልብ ምት ምርመራ ሳይረጋገጥ የምትታመን አይደለችም። አራት የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ይደክምበታል። ከሁሉ የከፋው መመሪያው በአማርኛ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የአለካኩን ሥርዓት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍሁ፤ ከግርጌውም ፊት የተጣመመ፣ ክንድ የዛለ፣ አንደበት የተሳሰረ እንደሆነ ልኬት ሳይጠበቅ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንደሚገባ ጨመርሁ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና፤ መድኃኒቱ በሌለበትም ቢሆን ቶሎ የደረሰ ሰው ይሻለዋል።

ባለፈው ሳምንት ያንን ወረቀት አባዝቼ ለመድኃኒት ቤቱ ሰጠሁ፤ ሻጩም መለኪያ ለሚገዛ ሁሉ አንዳንድ አጥፎ ከካርቶኑ ውስጥ ይከትታል።