የአሜሪካ «መልሶ ግንባታ» ሀንድአውት፦ ፔዳ በር ከሚሸጠው ምን ይገኛል፣ ምን ይታረማል?

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለታሪክ ተማሪ የሚሸጠው ይህ የአማርኛ ሀንድአውት የአዘጋጅ ስም የለውም። የሚያወራው ስለ መልሶ ግንባታ ነው፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ተገንጥሎ የተሸነፈው ደቡብ ወደ ኅብረቱ ስለተመለሰበት ዘመን። ለፈተና የገዛው አይከስርም፤ እስክሪብቶ ይዞ ካነበበው ነው ታዲያ።

ጥሩው ነገር የቪቶ (ፕሬዚዳንቱ ሕግ ሳይፈርም የሚመልስበት ሥልጣን) ሰንጠረዡ ነው። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን የመለሳቸው ሕጎች ከነድምፃቸው ተደርድረዋል። ነፃ የወጡትን ባሮች የሚረዳው ቢሮ ሕግ በፌብሩዋሪ 1866 ሲመለስ ሴኔቱ 30 ለ18 ሆነ፤ ቪቶ ለመጣስ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 32፣ ስላልሞላ ቪቶው ጸና። በኤፕሪል ግን የዜጎች መብት ሕግ 33 ለ15 ቪቶውን ጥሶ አለፈ።

ሰንጠረዡ የማይናገረው ሁለት ሦስተኛው ከስንት ሰው ላይ እንደተሰላ ነው። ኮንግረሱ በዲሴምበር 1865 ሲከፈት ከደቡብ ተመርጠው የመጡትን አላስገባም። ተገንጥለው የነበሩት አሥራ አንድ ግዛት ማለት 22 የሴኔት ወንበር ነው። እነዚያ ገብተው ከጆንሰን ጋር ቢቆሙ ኖሮ 33 ለ15 የተባለው 33 ለ37 ይሆን ነበር! ሀንድአውቱ ይህን ዘሎ ጠቡን በሙሉ በጆንሰን ግትርነት ያሳብባል። ግትርነቱስ እውነት ነው፤ ኮንግረሱን እንቅልፍ የነሳው ግን የወንበር ስሌት ነበር። ቀድሞ ለወንበር ድልድል አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው ይቆጠሩ ነበር። የሕገ መንግሥቱ 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን ሲያስቀር ቆጠራው ሙሉ ሆነ። ስለዚህ ተሸናፊው ደቡብ፣ ጥቁሮችን ድምፅ እንደከለከለ፣ ከበፊቱ የበለጠ ወንበር ይዞ ሊመለስ ነው። የ14ኛው ማሻሻያ ሁለተኛ ክፍል የተጻፈው ለዚህ ነው፤ አዋቂ ወንዶችን ድምፅ የከለከለ ግዛት ውክልናው ይቀነስበታል ይላል። ሀንድአውቱ ላይ የታተመው ግን አንደኛው ክፍል ብቻ ነው።

ዓመቶቹ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየሩ በደፈናው 8 ተቀንሶባቸዋል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው፤ 13ኛው ማሻሻያ የጸደቀው በዲሴምበር 1865 ስለሆነ 1857 ያለውን 1858 ዓ.ም. ብላችሁ አርሙ። የጆንሰን ክስ 1860 መባሉ ልክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ያ ክስ በሴኔት ሲሰማ ስለነበር ዓመቱን ለመያዝ አይቸግርም።

መልስ መስጫው ላይ «ጆንሰን ከሥልጣን ተነሳ» የሚለው ስህተት ነው። የጦር ሚኒስትሩን ኤድዊን ስታንተንን ያለ ሴኔቱ ፈቃድ በማባረሩ የተወካዮች ምክር ቤት 126 ለ47 ከሰሰው። ሴኔቱ 35 ለ19 ድምፅ ሰጠ፤ 36 ያስፈልግ ነበርና በአንድ ድምፅ ተረፈ። እስከ ማርች 1869 ወንበሩ ላይ ነበር።

ደቡብ በ1867 በጦር ሠራዊት ሥር የተከፈለባቸው ወታደራዊ ቀጠናዎች ካርታ በጥቁርና ነጭ ተባዝቶ ሁሉም ግራጫ ሆኗል። ቁጥር ጻፉበት፦ 1 ቨርጂኒያ፤ 2 ሁለቱ ካሮላይናዎች፤ 3 ጆርጂያ፣ አላባማና ፍሎሪዳ፤ 4 ሚሲሲፒና አርካንሳስ፤ 5 ቴክሳስና ሉዊዚያና። ቴነሲ በ1866 ወደ ኅብረቱ ስለተመለሰች ቁጥር የላትም።

ከኮፒ ላይ የተነሳ ኮፒ ስለሆነ 3 እና 8 ይምታታሉ። ሳትከፍሉ ሰንጠረዡን ገልጣችሁ እዩ፤ «33» የሚለው «38» ከመሰለ ሻጩ ከዋናው እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ።