«ጊከሬላ»፦ ዱባው የምግብ መኪና ሆኖ መጣ

መጽሐፉን እኔ አልገዛሁትም። የዐሥራ አራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ቅዳሜ እኛ ቤት አድራ ስትሄድ ሶፋው ላይ ረሳችው፤ እኔም ሽፋኑን አይቼ «ደግሞ ሌላ ሲንደሬላ!» ብዬ ገፋ አደረግሁት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አነሳሁት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና እያነበብኩ ነበር።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የወጣቶች ልቦለድ ነው፤ ደራሲዋ አሽሊ ፖስተን፣ የወጣው ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ.። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤል የምትባል ልጅ ናት፤ አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ውስጥ ከእንጀራ እናቷና ከሴትየዋ መንታ ልጆች ጋር ትኖራለች። አባቷ ሞቷል። «ስታርፊልድ» የሚባል የቆየ የጠፈር ተከታታይ ፊልም አለ፤ ደራሲዋ የፈጠረችው ነው፣ «ስታር ትሬክ»ን የመሰለ ነገር አስቡ። አባቷ የዚህ ፊልም እብድ አድናቂ ነበር፤ አድናቂዎች የገጸ ባሕርያቱን ልብስ ለብሰው የሚሰበሰቡበትን ትልቅ ዝግጅት የመሠረተውም እሱ ነው። አሁን ፊልሙ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ልዑል የሚጫወተው ደግሞ ሴቶች በመልኩ የሚያብዱለት ዳርየን ፍሪማን የሚባል ወጣት ተዋናይ። ኤል ትበግናለች። ብሎጓ ላይ ወርዳ ወርዳ ትጽፍበታለች።

ልጁ ግን ለካ እሱም የለየለት የ«ስታርፊልድ» አድናቂ ነው፣ ደብቆት እንጂ። ከዝግጅቱ ለመቅረት ፈልጎ ለአዘጋጁ መልእክት ይልካል፤ ቁጥሩ የሟቹ አባት ነበር፣ አሁን ስልኩ ያለው ኤል ጋ ነው። ማን ለማን እንደሚጽፍ ሳይተዋወቁ መጻጻፍ ይጀምራሉ። ምዕራፎቹ አንዴ በእሷ አንዴ በእሱ አፍ ስለሚተረኩ እኛ ሁሉንም እናውቃለን፤ እነሱ ብቻ ናቸው የማያውቁት። መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቃተኝም በዚህ ነው። ያቺ ማታ ማታ የምታጽናናው ልጅ ቀን ቀን ስሙን የምታጠፋው መሆኗን ሲያውቅ ምን ይል ይሆን እያልኩ ሆዴ ሲንቦጫቦጭ አመሸሁ። «እውነተኛ አድናቂ እኔ ነኝ፣ አንተ ማነህ» ማለት ሰው እንደሚጎዳ ደራሲዋ ሳትሰብክ አሳይታለች።

ተረቱን ያመጣችበት መንገድ ደስ ይላል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ሲንደሬላን ሲጽፍ ዱባውን ሠረገላ አድርጎት ነበር፤ እዚህ ዱባው ኤል የምትሠራበት የምግብ መኪና ነው፣ ያውም ሥጋና ወተት የማይነካው፣ በእኛ አነጋገር የጾም ምግብ የሚሸጥ! የሥራ ባልደረባዋ ሴጅ ልብስ መስፋት ስለምትችል በተረቱ ሲንደሬላን የምታለብሳትን የደጓን አስማተኛ ቦታ ትይዛለች። ግብዣው የኮስፕሌይ፣ ማለትም የገጸ ባሕርያት ልብስ ተለብሶ የሚመጣበት፣ ዳንስ ነው፣ አትላንታ። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም፤ አትላንታ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ ድራጎን ኮን የሚባል የእውነት የአድናቂዎች ዝግጅት አለ።

የማልወደው የእንጀራ እናቷን ነው። ክፉ መሆኗ አይደለም ችግሩ፤ ክፋቷ ምክንያት የለውም። እኛ «የእንጀራ እናት» ስንል እንኳ እንጀራው ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ማብላት አለ፣ ግዴታ አለ። ይቺ ሴትዮ ግን ከድሮው ተረት ተቆርጣ የተለጠፈች ነው የምትመስለው። ደግሞ በዚህ ዘመን ሁለት ልጆች ያን ያህል ጊዜ ሲጻጻፉ ስም ሳይጠያየቁ? በሉ እሺ፣ ተረት ነው ብዬ አለፍኩት።

አንጀቴን የበላው ፍቅሩ ሳይሆን የአባቷ ነገር ነው። ሌላው ሰው ከአባቱ ቤት ወይም መሬት ይወርሳል፤ ለእሷ ግን ይሄ ፊልም ነው የቀራት። ስለዚህ አዲሱ ተዋናይ ላይ ስትጮህ የምትሟገተው ለልዑሉ አይደለም፣ ለአባቷ ነው። ይሄ የገባኝ ግማሹን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ልጅቷ ታናድደኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ መሃል መሃል የስልክ መልእክት ያለባቸው፣ አውቶቡስ ላይ የሚነበቡ። ለታዳጊ ልጅ ሳላመነታ እሰጣለሁ። ከአምስት አራት ኮከብ።

የእህቴ ልጅ ትናንት ደውላ «አክስቴ፣ መጽሐፌ እናንተ ጋ ነው?» አለች። አልጨረስኩም አልኳት፤ ጨርሻለሁ፣ የዳንሱን ምሽት መድገም ፈልጌ ነው። ተከታዮቹ በ2019 እና በ2020 ወጥተዋል አለችኝ፤ ሁለተኛውን ከቤተ መጻሕፍት አስይዛዋለች፣ ግን መጀመሪያ እሷ ናት የምታነበው።